የአራተኛው ጥቅል ቃል

ጂፑ ከባኮ ወጥቶ የጊቤን ድልድይ ሲሻገር ሚስተር ሆሊስ ዋርድ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ለወንዙ ክብር ይሁን ለሙቀቱ አልታወቀም። አቧራው ግን ባርኔጣ ያለውንና የሌለውን አይለይም፤ ሲሬ ሲደርሱ የአሜሪካዊው ሽበት፣ የአስተርጓሚው የየኋላሸት ጎፈሬና የሾፌሩ የመርጋ ጢም አንድ ቀለም ሆነው ነበር።

"ስንት ሰዓት መንገድ ቀረን?" አሉ ሚስተር ዋርድ በእንግሊዝኛ።

የኋላሸት ጥያቄውን ለመርጋ አሳለፈ።

"መንገዱ ከፈቀደ ሁለት ሰዓት በለው" አለ መርጋ መሪውን እንደያዘ። "ካልፈቀደም ሁለት ሰዓት በለው። እንግዳ ነው፣ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል።"

"ሁለት ሰዓት" አለ የኋላሸት።

ሲያስተረጉም የኖረው እንዲህ ነው። የሚጠቅመውን ያሳልፋል፣ የቀረውን እመንገድ ላይ ይጥለዋል። ለስድስት ዓመት ይህ ልማዱ ምንም አላደረገውም። ዛሬ ግን ነቀምቴ በቀረበች ቁጥር እመንገድ የጣለውን ይቆጥር ጀምሯል።

ጊዜው ኅዳር ፲፱፻፵፰ ዓመተ ምሕረት ነው። አዲስ አበባ የዘውዱን በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት አክብራ ባንዲራዋን ገና አላወረደችም። ለበዓሉ ከየአገሩ ከተጠሩት እንግዶች አንዱ ሚስተር ዋርድ ነበሩ፤ በሆሊውድ ፊልም ስማቸው ከተጻፈላቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች መካከል ናቸው። ስማቸው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ተነሥቶ ኮቱን ሲለብስ በሚያልፉት ትንንሽ ፊደሎች ነው፤ ቢሆንም ተጽፏል። ሌሎቹ እንግዶች አክሱምንና ጎንደርን ለማየት ሲለምኑ እሳቸው ነቀምቴን ለመኑ። የፕሮቶኮሉ ሹም የሰማው ልክ እንደሆነ ለማረጋገጥ ሁለቴ አስደገማቸው ይባላል።

ያመጣቸው በደረት ኪሳቸው ያለ ደብዳቤ ነው። የደብዳቤው ጸሐፊ የኋላሸት ደግሞ ከኋላ ወንበር፣ በጄኔሬተሩና በፊልም ሣጥኖቹ መካከል ተጣጥፎ ተቀምጧል።

የኋላሸት በነቀምቴው ሹም በቀኛዝማች ተክለጻድቅ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ነው፤ አባቱ ከሸዋ በጸሐፊነት መጥተው ነቀምቴ የቀሩ ናቸው። የመንግሥቱ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚ ይሆናል። ረጅም ዘንግ ይዞ ከተወጠረው አቡጀዴ አጠገብ ይቆማል፤ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ሲናገር እሱ በአማርኛ ይላል። ከዚያ አማርኛ ለማይሰሙት፣ ከዲጋና ከየገጠሩ በእግር ለመጡት፣ መርጋ ከፕሮጀክተሩ ኋላ ሆኖ በኦሮምኛ ይደግመዋል። ነቀምቴ ላይ ፊልም ሁሉ ሦስቴ ነው የሚናገረው።

የሚስተር ዋርድ ፊልም የመጣው በ፲፱፻፵፪ ነው። ሌሎቹ ፊልሞች ታይተው ሲመለሱ ይኸኛው ደረሰኙ ስለጠፋ ቀረ፤ ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ መመለስ አይቻልማ። ስለዚህ በመስቀልም ይታያል፣ በጥምቀትም ይታያል፣ ሹም በተሻረና በተሾመ ቁጥርም ይታያል። ነቀምቴ ውስጥ ያልሰለቸው ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ቀን የፕሮጀክተሩ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ነበር። የኋላሸትም ያን ጊዜ የሚያውቀው እንግሊዝኛ እሺ፣ እምቢና እስከ ሃያ ድረስ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ያየውን ብቻ ይዞ መናገር ነበረበት። ያየው ደግሞ ጥቁር ካፖርትና ነጭ ጓንት ያጠለቀ ግርማ ያለው ጥቁር ሰው ነው። የቤቱ ቁልፍ በእጁ ነው። እሱ በር ሳይከፍት ማንም አይገባም። ጌትየው ማዕድ ሲቀርቡ ከወንበራቸው ኋላ ይቆማል፤ ወይኑን የሚቀዳው እሱ ነው።

በጌታ ቤት በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስገባና የሚያስቀር ማን ነው? አጋፋሪ ነዋ። አጋፋሪ ደግሞ የሚለመን፣ የሚታፈር፣ ነገ ከነገ ወዲያ ማዕረግ የሚጠብቀው ሰው ነው። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ቀኛዝማች ተክለጻድቅ ራሳቸው በአንድ ራስ ቤት አሥራ አራት ዓመት አጋፋሪ ሆነው ነው እዚህ የደረሱት። "አጋፋሪው መጣ" አለ የኋላሸት፣ ሕዝቡም ለጥቁሩ ሰው ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲያ ነጮቹ የፊልሙ እንግዶች ሆነው ቀሩ። ጌትየው በቁጣ ሲጠሩት ከከንፈራቸው "ጆርጅ" የሚለውን ማንም ያነብባልና፣ ስሙ አጋፋሪ ጆርጅ ሆነ።

በአራተኛው የፊልም ጥቅል ላይ ጌትየው ሰክረው፣ በእንግዶች ፊት ጆርጅ እያሉ ይጮኹበታል። አጋፋሪው ሳህኑን ያስቀምጣል። ዝቅ ብሎ አንድ ነገር ይናገራል። ጌትየው ይደነግጣሉ። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። የኋላሸት ምን እንደተባለ አያውቅም፤ ግን ሦስት መቶ ሰው እየጠበቀው ነው።

"ጌታዬ" አለ፣ "በር የሚከፍት ሰው መዝጋትም ያውቃል።"

ፊልሙ የሚታይበት መጋዘን ተናጋ። በማግስቱ ቃሉ ገበያ ወጣ። ሚስት ለባሏ፣ ቡና ነጋዴ ለደላላ፣ ምእመን ለቄሱ ይለው ጀመር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የኋላሸት በሚሲዮን የማታ ትምህርት እንግሊዝኛ ለመደ፤ ድምፅ ማጉያውም ተጠገነ። አንድ ቀን ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ። ሰማና ለማንም ሳይናገር ዘንጉን አነሣ፤ "በር የሚከፍት ሰው" አለ እንደ ወትሮው። ዓምና ቀኛዝማች "ለዚያ ለአጋፋሪ ሰላምታ ጻፍለት" ባሉት ጊዜም፣ "በማዕዱ ፊት የተናገሩት ቃል በገበያችን አፍ ሁሉ ይገኛል" ብሎ በጥሩ እንግሊዝኛ ጻፈ። ይደርሳል ብሎ አላሰበም። የቃሉ ባለቤት ይመጣል ብሎማ በሕልሙም አላየው።

ሲሬን እንዳለፉ ሚስተር ዋርድ ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው የጂፑን ሞተር ያለ ድካም የሚያልፍ ነው።

"ሠላሳ አንድ ፊልም ሠርቻለሁ" አሉ። "በሠላሳ አንዱም የተሸከምኩት ነገር አለ። ሻንጣ፣ ሳህን፣ የሰው ካፖርት። አንዴ ውሻ ተሸክሜያለሁ፤ ውሻው ከእኔ የበለጠ ተከፍሎታል። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ አርባ ሰው ፊት፣ ንጉሥ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ሆሊውድ ስሄድ ድምፅህ ግሩም ነው አሉኝ። ከዚያ ሳህን አስያዙኝ።"

የኋላሸት ለመርጋ ተረጎመለት።

"ሠላሳ አንድ ጊዜ አጋፋሪ?" አለ መርጋ። "ሹመት ሳይሰጡት? ምን ዓይነት ጌቶች ናቸው?"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

"ምን አለ?" አሉ ሚስተር ዋርድ።

"መንገዱ አስቸጋሪ ነው ይላል።"

ሚስተር ዋርድ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያንን በማዕዱ ፊት ያልኩትን ቃል ማንም አልጻፈልኝም፤ የራሴ ነው። በጽሑፉ ላይ የነበረው 'አመሰግናለሁ ጌታዬ' የሚል ነው። በእኛ አገር በባቡርም በሰው ቤትም የሚያገለግለውን ጥቁር ሁሉ ጆርጅ ይሉታል። እናቱ ምን ብላ እንዳወጣችለት የሚጠይቅ የለም። ያን ቀን ካሜራው እየዞረ 'ጌታዬ፣ ስሜ ጆርጅ አይደለም' አልኩ። ዳይሬክተሩ ደክሞት ነበርና ይለፍ አለ። እኔን ግን ሁለት ዓመት ሥራ ከለከሉኝ።"

የኋላሸት ይህን ለመርጋ አልተረጎመውም።

"ኋላ ቆረጡት" አሉ ሚስተር ዋርድ። "ወደ ደቡቡ ከተሞች ሲልኩት ያቺን ቁራጭ በመቀስ አወጧት፤ በኋላም ከየቦታው። እናቴ ሚሲሲፒ ውስጥ ለጥቁሮች በተለየው ሰገነት ላይ ተቀምጣ አይታዋለች። 'አፍህን ስትከፍት አየሁ፣ ወዲያው ሌላ ክፍል መጣ' አለችኝ። ሳትሰማው ሞተች። ነቀምቴ የመጣው ያልተቆረጠው፣ ነቀምቴን ልብ ያላት ሰው ስላልነበረ ነው። በዓለም ላይ ያ ቃል ዛሬም የሚሰማበት ቦታ አንድ ብቻ ነው።" ደረታቸውን፣ ደብዳቤው ያለበትን፣ መታ መታ አደረጉ። "በአማርኛ እንዴት ነው የሚሉት? አስተምረኝ።"

ይህ የመናገሪያው ሰዓት ነበር። የኋላሸት አወቀው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ነው፣ ሰሚ የለም።

"በር የሚከፍት ሰው መዝጋትም ያውቃል" አለ።

ሚስተር ዋርድ እንደ ተማሪ ደጋገሙት። ሦስተኛው ላይ ከነቀምቴ ተወላጅ የተሻለ አሉት። "ከእኔው ይረዝማል" አሉ።

"ቋንቋችን ረዘም ይላል።"

መርጋ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተው። እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ጆሮ ግን አለው። "ሰውየው ጆርጅ፣ ጆርጅ ሲል ነበር" አለ። "አንተ ስትለው ጆርጅ የት ገባ?"

"ፊት ፊትህን እይ፣ መርጋ።"

የኋላሸት በመንገድ ላይ መርጋ ይለዋል፤ ሚስቱም አገሩም መርጋ ይሉታል። በመዝገቡ ላይ ግን ገብረሥላሴ ነው። ሾፌርነት የተቀጠረ ቀን ቀኛዝማች "ስምህ ማነው?" አሉት፤ ነገራቸው። "የመንግሥት ሠራተኛ ደህና ስም ያስፈልገዋል። ገብረሥላሴ በለው" አሉ ወደ ጸሐፊው ዞረው። የኋላሸት ብዕሩን ነክሮ ጻፈ። ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ በዚያው መዝገብ በዚያው ብዕር ስንቱን እንደጻፈ ራሱም አልቆጠረውም። ቃሉን ሰምቶ ለአራት ዓመት ያልተናገረው የበሩ አባባል ስለሚወደድ ነው ይል ነበር ለራሱ። ሌሊት ሌሊት ግን ራሱም አያምነውም ነበር።

ነቀምቴ መግቢያ ላይ ሕዝብ ወጥቶ ጠበቃቸው። ጨለለቂ ሰፈር እንዳለ ነቅሎ የመጣ ይመስላል። ጂፑ ፍጥነቱን ሲቀንስ አንዲት ሴት፣ የጠጅ ቤቷ አስካለ፣ ከሁሉ ቀድማ መስኮቱን ያዘች።

"እንኳን ደህና መጡ፣ አጋፋሪ ጆርጅ" አለች።

"ጆርጅ" አለ ከኋላዋ ያለው። "ጆርጅ ነጋን ዱፍቴ" አሉ የዲጋ ሰዎች፤ በሰላም መጣህ ማለታቸው ነው። እልልታው ሲመጣም በመካከሉ ያለው ስም ይኸው ነበር፤ ጆርጅ፣ ጆርጅ፣ ጆርጅ።

የሚስተር ዋርድ ፈገግታ ከፊታቸው ወዲያው አልወረደም፤ ተዋናይ ናቸው። ዓይናቸው ግን ወደ ኋላ ወንበር ዞረ።

"የኋላሸት" አሉ፣ ስሙን አጣርተው። "ይህ ሕዝብ ቃሌን ሰምቷል ብለህ ጽፈህልኛል።"

"አዎን ጌታዬ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው በዚያ ስም የሚጠሩኝ?"

የኋላሸት ጎንበስ ብሎ የፊልም ሣጥን አነሣ። ከዚያ የጂፑ በር ተከፈተና ቀኛዝማች ተክለጻድቅ ራሳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ በር ከፍተው ሰው ካወረዱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል።

ማሳያው የቡና መጋዘን ነው። መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፍነው የዘጠኝ ሰዓቱ ፀሐይ በቀዳዳ ብቻ ይገባል። ሰው በጆንያ ላይ ተቀምጧል፣ ያልደረሰው ቆሟል፤ አየሩ አዲስ የተለቀመ ቡና ይሸታል። ፊት ለፊት መደገፊያ ያላቸው ሁለት ወንበሮች አሉ። ቀኛዝማች እንግዳውን ከጎናቸው አስቀመጡና የተጣጠፈ ካባ ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ ጥቁር፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተጠለፈ።

"ማዕረግ መስጠት የእኔ ሥልጣን አይደለም" አሉ ለየኋላሸት። "ካባ ማልበስ ግን ማንም አይከለክለኝም። በለው። ፊልሙ ሲያልቅ በሕዝብ ፊት አለብሰዋለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ስንት ዓመት ነው በበሩ የቆመው?"

የኋላሸት ጠየቀ።

"ሃያ ስድስት" አሉ ሚስተር ዋርድ።

ቀኛዝማች የካባውን ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱ። "እኔ በአሥራ አራት ወጣሁ" አሉ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "ጌቶቹ ምን አሉት? አንድም ቀን ና ቁጭ በል አላሉትም?"

ይህን የኋላሸት አንድም ሳያስቀር ተረጎመው። ሚስተር ዋርድ በጥያቄው ውስጥ ስድብ ፈለጉ፤ አላገኙም። ሽማግሌው የጠየቁት ከልባቸው ነው።

"አላሉኝም በላቸው" አሉ። "ዛሬ ደግሞ የማየው አንተን ነው። ፊልሙን አውቀዋለሁ።"

መርጋ የጄኔሬተሩን ሞተር አስነሣ፤ ብርሃኑ በአቧራው መካከል ተወርውሮ አቡጀዴው ላይ አረፈ። የኋላሸት ዘንጉን ይዞ ቆመ። የመጀመሪያው ጥቅል አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። አጋፋሪው በር ሲከፍት ሰው አጨበጨበ፤ ወይን ሲቀዳ በኦሮምኛ "አስቀድመህ ቅመሰው" ያለ ሽማግሌ አለ፣ ነመራ የሚባል፣ ከዲጋ በዱላው ተደግፎ የመጣ። ሰው ሁሉ አንዴ አቡጀዴውን፣ አንዴ ፊት ወንበር ላይ ያለውን ሰው ያያል፤ አንዱ ወጣት ነው፣ አንዱ ሽበታም። ሚስተር ዋርድ ግን በቃላቸው እንደተናገሩት ፊልሙን አላዩም። የኋላሸትን ነው ያዩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሌላው ሰው ሲናገር እያዩ መቆም ሥራቸው ነበርና ያውቁበታል።

ሦስተኛው ጥቅል ሲያልቅ መርጋ አራተኛውን ለመጫን ቆም አደረገ። በዚያች ፋታ የኋላሸት የሚሆነውን አሰበ። የበሩን አባባል ቢል ማንም አይጎዳም። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ካባው ይለበሳል፣ እንግዳው ነገ ይሄዳሉ። እሳቸው ብቻ ያውቃሉ፤ እሳቸው ደግሞ ለማን ይናገራሉ? እውነቱን ቢል ግን ቃሉ የሚወድቀው የት እንደሆነ ያውቃል። ያን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው መዝገብ ላይ የተጻፈለትን የገዛ ስሙን ነው። መዝገቡ በማን ትእዛዝ እንደተጻፈ፣ ያዘዘውም ሰው ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሁሉም ያያል። መዝገብ ያዥነቱ ዛሬ ማታ ያልቃል።

ፕሮጀክተሩ መንኳኳት ጀመረ።

ማዕዱ ተዘረጋ። ጌትየው ጠጡ፣ ቀሉ፣ ጮኹ። ጆርጅ። ጆርጅ። ወጣቱ ሆሊስ ዋርድ ሳህኑን አስቀመጠ፤ ጓንቱን አስተካከለ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መጋዘኑ በሙሉ ያውቀዋል። ገና ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ አስካለ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ "በር የሚከፍት ሰው መዝጋትም ያውቃል" አለ።

ሚስተር ዋርድ አልተንቀሳቀሱም። በጂፑ ውስጥ ሲለማመዱት የነበረውን ቃል አወቁት። በውስጡ ስም እንደሌለም አሁን አወቁ።

የኋላሸት ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

"እንዲህ አላለም" አለ።

"ምን?" አለች አስካለ።

"አጋፋሪው ያለው ይህን አይደለም። ያልኩት እኔ ነኝ።" ድምፁ ከወትሮው አነስ ያለ ነበር፤ ሰው ለመስማት ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ አለ። "እሱ ያለው፦ ጌታዬ፣ ስሜ ጆርጅ አይደለም።"

ሚስተር ዋርድ ከአማርኛው አንዲት ቃል ለዩ፤ የቀረውን ከማጠሩ አወቁት። ባርኔጣቸውን የያዙበት እጅ ተፈታ።

"ዛሬ ምን ነካህ፣ የኋላሸት?" አለች አስካለ ቅር ብሏት። "ስድስት ዓመት የሰማነውን? እሱን ጠይቀው እስቲ፣ ይኸው ተቀምጧል።"

"ጠይቄዋለሁ። ለዚህ ቃል ሁለት ዓመት ሥራ ከልክለውታል።"

ቀኛዝማች ተክለጻድቅ ፊታቸውን ከአቡጀዴው ሳይመልሱ ተናገሩ። "ስድስት ዓመት በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረው ማነው ታዲያ?"

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ሰውየው ስሙ ማነው?"

"ሆሊስ ዋርድ ይባላሉ። በፊልሙ ውስጥ ደግሞ ስሙን የጠየቀው የለም።"

ከኋላ በኩል ሽማግሌው ነመራ አማርኛው አምልጦት ዱላውን መሬት ላይ መታ አደረገ። "ማል ጄዴ?" አለ። ምን አለ ነው። "መርጋ፣ ማል ጄዴ?"

ተራው የመርጋ ነበር። ሁልጊዜ የየኋላሸት ቃል ሳይበርድ ነው የሚደግመው፤ አሁን ግን ፕሮጀክተሩ ብቻ ተሰማ። አቡጀዴው ላይ ጌትየው ደንግጠው ተቀምጠዋል። መርጋ በሞተሩ ሙቀት ላቡ እየወረደ ቆሟል። ሰው አንገቱን ወደ ኋላ መለሰ።

"ጎፍታ ኮ" አለ መርጋ፤ ጌታዬ። "መቃን ኮ ጆርጅ ሚቲ።"

በኦሮምኛ ሲያስተረጉም ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው፤ ባለሥልጣን ባለበት እንደዚያ ነው ልማዱ። ይህን ግን መጋዘኑ ዳር ድረስ አሰማው። ማንም አላጨበጨበም። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ብዙው እናት ያወጣችው አንድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት የጨመረለት ሌላ አለው፤ አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለአደባባይ ይይዛል። ነመራ ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ አገጩን አስደገፈበት። አንዲት እናት ልጇን ጭኗ ላይ አዙራ ፊቱን ተመለከተች።

አምስተኛው ጥቅል አልተጫነም። የአራተኛው ጭራ ከመሽከርከሪያው ወጥቶ እየተወናጨፈ፣ ባዶው ነጭ ብርሃን አቡጀዴው ላይ ቀረ።

ቀኛዝማችን ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው። "ገብረሥላሴ" አሉ፣ "ይህን ነገር አጥፋው።"

ብርሃኑ አልጠፋም።

"ገብረሥላሴ።"

መርጋ እጆቹን በጎኑ አውርዶ ቆሟል። በዚህ ስም ሲጠራ ሰባት ዓመት "አቤት ጌታዬ" ብሏል። እምቢ ያለ ሰው አይመስልም፤ ሌላ ሰው ሲጠራ እንደሚሰማ ነው የሚመስለው።

ሚስተር ዋርድ ወደ የኋላሸት ጠጋ አሉ። "ምን ይፈልጋሉ ሽማግሌው?"

"አንድ ሰው እየጠሩ ነው።"

"ለምን አይመልስላቸውም?"

"ገና አልጠሩትም" አለ የኋላሸት።

ሚስተር ዋርድ ይህ ብቻ የሚበቃቸው ሰው ናቸው። ከወንበራቸው ተነሡ፤ ወደ ኋላ ዞረው ከመጋዘኑ ጋር ቆመው ጠበቁ። እንግዳ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነውና ቀኛዝማችም ካባውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ተነሡ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ሽማግሌ ሆነው ታዩ። አሥራ አራት ዓመት በሰው በር ላይ ሲቆሙ ምን ተብለው ይጠሩ እንደነበር ነቀምቴ ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ግን አልረሱት ይሆናል።

"የኋላሸት" አሉ፣ ወደ ፕሮጀክተሩ እያዩ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የዚያን ሰው ስም በትክክል ንገረኝ።"

የኋላሸት ዕድሜውን የሰው ቃል ሲያቀብል የኖረ ሰው ነው። ይህን አላቀበለም።

"ራሱን ይጠይቁት ጌታዬ" አለ። "አማርኛ ይሰማል።"